ከስፒና ጋራ የምታድረው አውቶሞቢላችን

በዚህ ዓምድ ስለ ቤት አያያዝ፣ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ጎረቤት ጠባይ ብዙ ጊዜ ጽፈናል፤ ስለ አውቶሞቢል የጻፍንበት ጊዜ ግን ትዝ አይለንም። ዛሬ ከልማዳችን የወጣነው ያለችን አውቶሞቢል የግቢ ዕቃ መሆኗ ቀርቶ የቤት ውስጥ ጉዳይ በመሆኗ ነው። ማታ ማታ እንደ ምጣዱና እንደ ካውያው ሁሉ እርሷም ከቤቱ ኤሌክትሪክ ትካፈላለች። ስለዚህ የቤቱን የወጪ ደብተር የምትይዘው ባለቤታችን፣ ስለዚህች መኪና መጻፍ የሚገባው የቤተ ሰብ ነገር በሚነገርበት ገጽ ላይ ነው ብላ ፈረደች፤ እኛም ይግባኝ አላልንም።

መኪናዋ ሁለት ሞተር አላት። አንደኛው እንደ ማናቸውም መኪና ቤንዚን የሚጠጣ ነው፤ ሁለተኛው በባትሪ የሚሠራ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። ባትሪው ማታ ከቤት ሶኬት ተሰክቶ ሲሞላ ያድራል፤ በማግሥቱም የመጀመሪያውን 35 ወይም 40 ኪሎ ሜትር መኪናዋ ቤንዚን ሳትነካ በኤሌክትሪክ ብቻ ትሄዳለች። ባትሪው ሲያልቅ የቤንዚኑ ሞተር ሥራውን ይረከባል፤ መንገደኛውም በመንገድ አይቀርም።

የዚህ ዓይነት መኪና ስም በአማርኛ ገና አልጸናም። አንዳንድ ሰዎች «ዲቃላ» ይሏታል። አማርኛ በመማር ላይ ያሉ አንባቢዎቻችን ይህን ቃል በጥንቃቄ እንዲይዙት እንለምናለን፤ ከጋብቻ ውጭ ለተወለደ ልጅ የሚነገር ስድብም ስለ ሆነ በሰው ፊት ያለ ቦታው ቢናገሩት ያስቀይማል። ከዚያው ሥር የወጣው «ድቅል» የሚለው ቃል ግን ስለ በቆሎ ዘርም ስለሚነገር ነውር የለበትም። እንግዲህ እኛ «ተሰኪ ድቅል» ብለናታል። በገመዱ ጫፍ ላይ ያለውና ወደ ሶኬቱ የሚገባው ዕቃ «ስፒና» ይባላል፤ ቃሉ ከጣልያንኛ የመጣ ሲሆን በዚያ ቋንቋ ትርጕሙ እሾህ ማለት ነው። የዚህ ቤት እሾህ የት ላይ እንደ ወጋን ወደ ኋላ እንደርስበታለን።

የሁለት ሞተር አሳብ አዲስ አይደለም። በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ ላይ ፈርዲናንድ ፖርሽ የተባለው መሐንዲስ ቤንዚንንና ኤሌክትሪክን ያጣመረ ተሽከርካሪ ሠርቶ ነበር። አሳቡ ለብዙ ዘመን ተረስቶ ከቆየ በኋላ፣ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1997 ዓ.ም. የጃፓኑ ቶዮታ ፕሪየስን ለገበያ ሲያቀርብ እንደገና ተነሣ። የመጀመሪያዋ ፕሪየስ ግን ከሶኬት አትሰካም ነበር፤ ኤሌክትሪኳን የምታገኘው ከራሷ ሞተርና ከፍሬኗ ነበር። ከሶኬት የሚሞላውን ዓይነት በፋብሪካ በብዛት ሠርቶ በመሸጥ የቻይናው ቢዋይዲ በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ቀደመ፤ የአሜሪካው ሸቭሮሌ ቮልት በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ ተከተለ። ይህ ሁሉ በኤውሮጳ አቈጣጠር ነው። የኛዋን ፋብሪካ ስም የማንጠራው ዓምዱ ማስታወቂያ እንዳይመስል ብለን ነው።

የገዛናት በ2015 ዓ.ም. ከሌላ ባለቤት እጅ ነው። ክብደቷ 1,800 ኪሎ ግራም ያህል፣ የባትሪዋ መጠን 12 ኪሎ ዋት ሰዓት፣ የቤንዚን መያዣዋ 45 ሊትር ነው። ቤታችን አያት፣ መሥሪያ ቤታችን አራት ኪሎ ስለ ሆነ የዕለቱ መንገዳችን ደርሶ መልስ 28 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህ ቍጥር ባይኖር ኖሮ መኪናዋን ባልገዛናት ነበር፤ ከባትሪዋ ዐቅም በታች ነውና።

በመጀመሪያው ጧት የማስነሻውን ቁልፍ ስንጫን አንዳች ድምፅ ስላልሰማን ደግመን ተጫንን። ደግመን ስንጫን ደግሞ ለካ አጠፋናት። በሩን ከፍቶ የቆመው ዘበኛችን «ጋሼ፣ አልተነሣችም፤ ልግፋ?» ብሎ እጅጌውን መሰብሰብ ጀመረ። በሦስተኛው ጊዜ መኪናዋ ድምፅ ሳታሰማ ከግቢው ስትወጣ እርሱም እኛም እኩል ተደነቅን። ከሲኤምሲ እስከ መገናኛ ባለው የጧት መጨናነቅ ውስጥ ሌላው መኪና ቆሞም ቤንዚን ያቃጥላል፤ የኛዋ ስትቆም ሞተሯም ይቆማል፤ ወደ ፊት አንድ ሜትር ሲለቀቅላት አንድ ሜትር ትሄዳለች። ከሰልፉ ወጥተን መሥሪያ ቤት ስንደርስ በዘመናችን ለመጀመሪያ ጊዜ ራሳችንን አላመመንም።

ሌላም ያስተዋልነው ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የማያንስ ከፍታ ላይ ስላለች አየሯ ስስ ነው። ተራ የቤንዚን ሞተር በዚህ ከፍታ ላይ ከኃይሉ ሩብ ያህሉን ያጣል፤ ዳገት ላይ ማርሽ ቀይሮ፣ ነዳጅ ረግጦ፣ አሁንም ወደ ኋላ የሚል መኪና ያልነዳ የከተማችን ነጂ የለም። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር ስለማይተነፍስ ከፍታው አይገደውም። ይህች ከባድ መኪና ዳገት ስታይ እንደ ወጣት ነው የምትዘለው። ጥፋቷ ዝምታዋ ነው፤ በሰፈራችን የውስጥ መንገድ ላይ ጀርባቸውን ሰጥተው የሚሄዱ እግረኞች አይሰሟትም። ጥሩምባ ብንነፋ ይደነግጣሉ፤ ባንነፋ አያዩንም። ስለዚህ መስኮቱን ዝቅ አድርገን «እለፉ እንጂ» እያልን በሰው እርምጃ መንዳት ልማዳችን ሆኗል።

ይህን ሁሉ በየቡናው ላይ ስንናገር ሁለት ወር አለፈ። አንድ እሑድ ቡና ሊጠጡ የመጡ፣ በወጣትነታቸው በበቅሎ ብዙ አገር የዞሩ አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን «ለመሆኑ ይህች መኪናችሁ በመቶ ኪሎ ሜትር ስንት ሊትር ትጠጣለች?» ብለው ጠየቁን። እኛም ፈጠን ብለን «አንዴ ከተሰካች አርባ ኪሎ ሜትር ያለ ቤንዚን ትሄዳለች» አልናቸው። ሽማግሌው ሲኒያቸውን አስቀምጠው ፈገግ አሉና «በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች» አሉ። የተቀመጠው ሁሉ ሳቀ። አባባሉን ላልሰሙ አንባቢዎቻችን ለመግለጽ ያህል፣ የበቅሎ አባት አህያ ነው፤ እርሷ ግን በአባቷ ስለምታፍር ስለ እናቷ ትመልሳለች። እኛም የተጠየቅነው ስለ ቤንዚኑ ሳለ የመለስነው ስለ ኤሌክትሪኩ ነበር።

እንግዶቹ ሲሄዱ ባለቤታችን ደብተሯን አወጣች። ወደ ወሩ መጨረሻ ጠብቃ የሦስቱን ወር ሒሳብ አንድ ላይ አደረገችው፤ የተነዳው መንገድ 2,700 ኪሎ ሜትር፣ የተቀዳው ቤንዚን 189 ሊትር። በመቶ ኪሎ ሜትር 7 ሊትር ማለት ነው። የሸጥናት አሮጌ መኪና 8 ሊትር ነበር የምትጠጣው። ለአንዲት ሊትር ልዩነት ነው እንግዲህ ይህ ሁሉ ገንዘብ የወጣው! ነገሩን ለመመርመር ዘበኛው ተጠራ። ገመዱን የሚዘረጋውና የሚሰበስበው እርሱ ስለ ሆነ ቍጥሩ አልጠፋውም፤ ከዘጠና ሌሊት መኪናዋ የተሰካችው ዐሥራ አንድ ሌሊት ብቻ መሆኑን መሰከረ።

ያልተሰካችበትን ምክንያት ለባለቤታችን ስንዘረዝር አፋችን አልያዘንም። ዝናብ ነበረ፤ ገመዱ አጭር ነው፤ ስንገባ ደክሞን ነበር፤ መብራት ይሄዳል። እርሷ ሁሉንም ሰምታ «ቤንዚኑን መሥሪያ ቤቱ ስለሚከፍል አይደለም?» አለች። እውነቱም ይኸው ነበር። መሥሪያ ቤታችን ለሥራ መመላለሻ በየወሩ እስከ 60 ሊትር ቤንዚን ይፈቅድልናል፤ ደረሰኝ ስናቀርብ ገንዘቡ ይመለስልናል። የኤሌክትሪኩ ሒሳብ ግን ከቤቱ ቦርሳ ይወጣል። በሦስት ወር ከቀዳነው 189 ሊትር ውስጥ 180ው የመንግሥት ነበር። እጃችን ወደ ስፒናው ሳይሆን ወደ ማደያው ሲዘረጋ የከረመው በድካም አልነበረም።

ይህን ያደረግነው እኛ ብቻ እንዳልሆንን ኋላ አንብበን ተረድተናል፤ ይህም ትንሽ አጽናንቶናል፣ ብዙም አሳፍሮናል። የኤውሮጳ ኮሚሽን በ2024 ዓ.ም. (በነርሱ አቈጣጠር) ባወጣው ዘገባ፣ ተሰኪ ድቅል መኪናዎች በመንገድ ላይ የሚያወጡት የተቃጠለ አየር በፋብሪካ መፈተሻ ከተመዘገበላቸው 3.5 እጥፍ ያህል ሆኖ መገኘቱን ገልጿል። ከዚያ በፊት በ2022 ዓ.ም. የጀርመኑ ፍራውንሆፈር ተቋም ከሌሎች ተመራማሪዎች ጋራ ባደረገው ጥናት፣ በግል ሰው የሚነዱት ከተመዘገበላቸው 3 እጥፍ፣ ድርጅት ለሠራተኛው የሰጣቸው ግን 5 እጥፍ ቤንዚን እንደሚጠጡ ታውቋል። መኪናው ያው ነው፤ ልዩነቱ ማደያው ላይ የማን ቦርሳ እንደሚከፈት ነው። በብዙ የኤውሮጳ ከተማ ሲሸጡ ገመዳቸው ከነሽፋኑ፣ ሳይፈታ የተገኘ መኪናዎች አሉ ሲባል ብንሰማ አይደንቀንም።

ከዚያ ሌሊት ጀምሮ መኪናዋ እንድትሰካ ተወሰነ። መወሰን ቀላል ነው። የመጀመሪያው ረቡዕ ግን የእንጀራ ቀን ነበረ። የኤሌክትሪክ ምጣዳችን ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል፤ መኪናዋ በ10 አምፔር ስትሞላ 2.2 ኪሎ ዋት ትወስዳለች፤ በዚያ ላይ ፍሪጁና መብራቱ አለ። እኛ ይህን ሳናስብ በምሽቱ 1 ሰዓት ስፒናውን ሰካን። ጥቂት ቆይቶ ቤቱ በሙሉ ጨለመ። ልጆቹ ጮኹ፤ ከማድ ቤቱም የባለቤታችን ድምፅ ተሰማ። መንደሩ መብራት እንዳለው አይተን ወደ ቆጣሪው ብንሮጥ፣ ጭነቱ በዝቶበት ማብሪያው ራሱን አጥፍቷል። በምጣዱ ላይ የነበረው እንጀራ ዐይን ሳያወጣ፣ ነጭ ሊጥ ሆኖ ቀረ። ያን እንጀራ ባለቤታችን አልጣለችውም፤ በሳሕን አድርጋ ለእራት ፊታችን አቀረበችው።

በማግሥቱ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ተጠራ። የሰፈራችን ልጅ ነው፤ ገመዱን በእጁ ዳሰሰና «ጋሼ፣ ይህን ያህል ጊዜ ቤታችሁ አለመቃጠሉ የሚገርም ነው» አለን። መኪናዋን እናስቀጥልበት የነበረው ኤክስቴንሽን ለሬዲዮና ለመብራት የሚሆን ቀጭን ሽቦ ነበር፤ ጫፉ ጠቁሮ ላስቲኩ ለስልሷል። ካውያ ቢሰካበት ለሩብ ሰዓት ነው፤ መኪና ግን ለአምስት ሰዓት ያለማቋረጥ ትስባለች፤ ሽቦው ሊቀዘቅዝ ጊዜ አያገኝም። ስለዚህ ከቆጣሪው እስከ መኪናው ማቆሚያ ወፍራም ሽቦ በለየ መስመር ተዘረጋ፤ የራሱ ማጥፊያ ተደረገለት፤ የመሬት መስመርም በሚገባ ተቀበረ። ይህ ሥራ ገንዘብ አስወጥቶናል፤ ነገር ግን የዚህ ዓይነት መኪና የሚገዛ ሰው ለጎማና ለዘይት እንደሚያስብ ሁሉ ለዚህ ቢያስብ ይሻለዋል እንላለን። በቤታችንም ሕግ ወጣ። መኪናዋ የምትሰካው ከምሽቱ 5 ሰዓት ነው፤ ምጣዱ በርዶ፣ ልጆቹ ተኝተው። ባዶ ብትሆን እንኳ ሌሊቱን 10 ሰዓት ላይ ሞልታ ትገኛለች።

የሚቀጥለው የሦስት ወር ሒሳብ ሲዘጋ መንገዱ እንደ ቀድሞው 2,700 ኪሎ ሜትር ነበር፤ ቤንዚኑ ግን 54 ሊትር ሆነ። በመቶ ኪሎ ሜትር 2 ሊትር ማለት ነው። የቀረልን 135 ሊትር፣ በምትኩ ከቆጣሪው የገባው ወደ 600 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። በብር ያላሰላነው የሁለቱም ዋጋ ስለሚለዋወጥና ይህን ገጽ ቆይቶ የሚያነበው ሰው እንዳይሳሳት ብለን ነው። ነገር ግን የመብራት ታሪፉ በደረጃ የሚሄድ መሆኑን መርሳት አይገባም፤ ብዙ የተጠቀመ ሰው ለእያንዳንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት የሚከፍለው ከፍ ይላል። መኪናዋ በወር 200 ስትጨምርብን እኛም ደረጃ ወጥተናል፤ ይህ ግን ባለቤታችንን ደስ የሚያሰኝ ዓይነት የደረጃ ዕድገት አልሆነም።

አሁን ወደ እሾሁ ደረስን። የሦስቱን ወር ደረሰኝ ለሒሳብ ክፍል ስናቀርብ ሒሳብ ያዥዋ ወረቀቱን ገለባብጣ «መኪናዎ ተበላሽታ ነበር?» አለችን። አልተበላሸችም አልናት። «ታዲያ የቀረው ደረሰኝ የት አለ?» አለች። ሌላ ደረሰኝ የለም፤ ማታ ማታ እየሰካናት ነው አልናት። ገርሟት ዝም ካለች በኋላ በቅንነት የነገረችን ይህን ነበር፤ የተፈቀደው ሊትር ካልተነሣ የሚመጣው ዓመት በጀት ይቀነሳል፤ ኤሌክትሪክ ደግሞ በደንቡ ውስጥ መደብ ስለሌለው አይመለስም። ከጎኗ የነበረ አንድ የሥራ ባልደረባችን ከበር እስኪወጣ ተከትሎን «የሌላ ሰው ደረሰኝ አይጠፋም እኮ፤ ማን ያውቅብሃል?» ሲል መከረን።

ይህ ምክር አንድ ሌሊት ከኛ ጋራ እንዳደረ ብንደብቅ አንባቢዎቻችንን መዋሸት ይሆናል። ነገሩን በሒሳብ ብናየው፣ በፊት መኪናዋ ሳትሰካ መሥሪያ ቤቱ 180 ሊትር ይከፍል ነበር፤ የኛ ቦርሳ የከፈለው 9 ሊትር ብቻ ነው። አሁን መሥሪያ ቤቱ ከ54 ሊትር በላይ አይከፍልም፤ እኛ ግን የ600 ኪሎ ዋት ሰዓት ባለዕዳ ሆንን። መንግሥት ባተረፈ ቍጥር የቤታችን ደብተር ይጎድላል። ጧት ለባለቤታችን ስናጫውታት ስለ ደረሰኙ አንድ ቃል አልመለሰችም፤ ብቻ ደብተሩን ከፈተችና «ይህን በየትኛው መስመር ልጻፈው?» አለች። እኛም ምን ስም እንደምንሰጠው ስላጣን ነገሩ በዚያው ቀረ።

ከዚያ በኋላ ለአለቆቻችን ደብዳቤ ጽፈናል። የጠየቅነው ለራሳችን ብቻ አይደለም። ቤንዚን እየከፈለ ኤሌክትሪክ የማይከፍል ደንብ ባለበት፣ ገመዱን ከመኪናው የሚያወጣ ሠራተኛ ብዙ አይገኝም። በ2017 ዓ.ም. ጳጉሜን 4 ቀን የተመረቀው ታላቁ የኅዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራ ነው፤ ቤንዚኑ ግን አንዲት ሊትር ሳትቀር ከባሕር ማዶ በውጭ ምንዛሪ ነው የሚመጣው። ይህን ሁሉ በደብዳቤው ላይ ጽፈን ቆጣሪ የሚነበብበትን መንገድም አመልክተናል። ደብዳቤው አሁን ከሁለተኛው ጠረጴዛ ወደ ሦስተኛው መተላለፉን ሰምተናል።

ስለ ሩቅ መንገድ ደግሞ ጥቂት እንበል። ታላቋ ልጃችን ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። ባለፈው ዓመት ልናደርሳት በተነሣንበት ሌሊት በሰፈራችን መብራት አልነበረም፤ ባትሪው ባዶ ሆኖ አደረ። የወንድማችን ልጅ በኤሌክትሪክ ብቻ የምትሄድ መኪና ስላለው አብሮን ሊጓዝ ተስማምቶ ነበር፤ እርሱ መንገዱን ለማግሥቱ ሲያስተላልፍ እኛ ሻንጣችንን ጭነን በቤንዚን ተነሣን። በሞጆ፣ በመቂ፣ በዝዋይና በሻሸመኔ አድርገን 275 ኪሎ ሜትር ያህሉን በቀላሉ ጨረስነው። ሐዋሳ ያረፍንበት ቤት ዘበኛ ሶኬት ሲፈቅድልን፣ መኪናን እንደ ስልክ ስንሰካ ያየው የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ተሰብስቦ ነበር። ስንመለስ ግን ሳቁ የወንድማችን ልጅ ሆነ። የቤንዚን እጥረት ነበረና አንድ ማደያ ላይ ከሁለት ሰዓት በላይ ተሰለፍን፤ እርሱ ያለ ሰልፍ አልፎን ሄደ። በመንገዱም ሁሉ ወደ አዲስ አበባ መመለሱ ዳገት ስለ ሆነ ቤንዚኑ ከሄድንበት ይልቅ በግልጽ በዛ።

ስለ ዳገት ከተነሣ፣ ሻጮቹ «ቍልቍለት ላይ ራሷን ትሞላለች» የሚሉትን ነገር አንድ ቅዳሜ በእንጦጦ ፈትነነዋል። መኪናዋ ቍልቍለት ስትወርድ የኤሌክትሪክ ሞተሩ እንደ ዲናሞ ይሆንና ፍጥነቷን ይዞ ኃይሉን ወደ ባትሪው ይመልሳል። እኛም ባትሪውን ዳገቱ ላይ ጨርሰን፣ ከእንጦጦ ፓርክ እስከ ስድስት ኪሎ ፍሬን ብዙም ሳንረግጥ በሽሮ ሜዳ በኩል ወረድን። ስንደርስ አምስት ወይም ስድስት ኪሎ ሜትር የሚያስኬድ ኃይል ተጠራቅሞ አገኘን። ልጆቹ አጨበጨቡ። ይሁን እንጂ ስንወጣ ካወጣነው ግማሹን እንኳ አልመለሰችልንም፤ ቍልቍለት የሚመልሰው ዳገት ከወሰደው ላይ ነው፣ ሌላ ምንጭ የለውም። የተረፈን የፍሬን ሸራ ነው፤ ከገዛናት ወዲህ አልቀየርንም።

የማይረሳን ሌላ ጧት አለ። ቤንዚን ሳንነካ ብዙ ሳምንት ከቆየን በኋላ ባትሪው ሙሉ ሳለ የቤንዚኑ ሞተር በድንገት ተነሥቶ ማጓራት ጀመረ። ተበላሸች ብለን ወደ መካኒኩ ደወልን። እርሱ ስቆ እንዲህ አለ፤ «ጋሼ፣ አልታመመችም። ቤንዚን ለብዙ ጊዜ ከተቀመጠ ይበላሻል፤ ሞተሩም ካልዞረ ዘይቱ ይወርዳል። ስለዚህ እንዲህ ያሉ መኪናዎች አንዳንዴ ራሳቸው ያስነሡታል።» ከዚያ ወዲህ መያዣዋን አንሞላም፤ ከ15 እስከ 20 ሊትር ብቻ ይዘን እንዞራለን። ሁለት ሞተር ያለው ሰው የሁለት ሞተር ዘይት፣ ማጣሪያና ጥገና እንዳለበትም መዘንጋት የለበትም። ሥራ የማይሠራው አህያም ገፈራውን ይፈልጋል።

የወንድማችን ልጅ ይህን ሁሉ ሲሰማ «ጋሼ፣ የእርስዎ መኪና እኮ አንድ እግሯ ማደያ ውስጥ ነው፤ ይሽጧትና እንደኔ ይገላገሉ» ይለናል። ክርክሩ ቀላል አይደለም። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ካስታወቀ ወዲህ፣ በየመንገዱ የሚታዩት አዳዲስ መኪናዎች የርሱ ዓይነቶች ናቸው። የኛዋ እንግዲህ ዘመድ የሌላት ሆና ልታረጅ ነው፤ መለዋወጫዋም እየተወደደ ይሄዳል። ባትሪዋም ስንገዛት ከነበረችበት ሁለት ወይም ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ቀንሳለች። በሌላ በኩል ልጃችን ገና ሁለት ዓመት ይቀራታል፤ መብራት የሚጠፋበትም ሌሊት ገና አለ። ባለቤታችን ልጅቱ እስክትመረቅ ትቆይ ብላለች፤ የወንድማችንን ልጅም ለሚመጣው ቅዳሜ ምሳ ጠርታዋለች፤ መኪናውን ግን ግቢያችን ውስጥ እንዳይሰካ አስጠንቅቃዋለች።

ይህን የምንጽፈው ረቡዕ ማታ ነው። ከማድ ቤት የእንጀራው ሽታ ይመጣል፤ ምጣዱ ላይ ገና ሰባት ስምንት እንጀራ ይቀራል። ዘበኛው ገመዱን በክንዱ ጠምጥሞ በረንዳው ጥግ ቆሟል። «ጋሼ፣ ልሰካት?» አለን። ሰዓታችንን ብናይ አራት ሰዓት ተኩል ነው። እትዬ እስኪጨርሱ ቆይ አልነው።